ባድ ብሬይንስ፦ የቢጫው ካሴት ባንድና ዳግም የታተሙ አልበሞቹ

ባድ ብሬይንስ በዋሽንግተን ዲሲና ከከተማዋ ጋር በተያያዙ የሜሪላንድ ሰፈሮች ባደጉ አራት ጥቁር ወጣቶች የተመሠረተ የአሜሪካ ባንድ ነው። ሃርድኮር ፓንክ የተባለውን እጅግ ፈጣን የሮክ ስልት ካስጀመሩት ጥቂት ባንዶች አንዱ ሲሆን፣ ፓንክን ከሄቪ ሜታል ጋር ላዋሐዱት የትራሽ ባንዶችም መንገድ ከፍቷል። ከእኩዮቹ ሁሉ የሚለየው ግን በአንድ አልበም ላይ ያንን ጩኸት ከረጋ ሬጌ ጋር ጎን ለጎን በማስቀመጡና በሁለቱም ውስጥ የራስ ተፈሪያን እምነቱን በግልጽ በመስበኩ ነው። ሥራዎቹ ለአርባ ዓመታት ያህል በብዙ አሳታሚዎች እጅ ተበታትነው ኖረዋል። ስለዚህ ስለ አልበሞቹ ሲነገር፣ ማን ተጫወተ ከሚለው እኩል ማስተሩ (ዋናው የስቱዲዮ ቅጂ) በማን እጅ ነበር የሚለውም መታወቅ አለበት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባንዱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ማይንድ ፓወር በሚል ስም ሲጀምር ፓንክ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ጊታሪስቱ ጋሪ ሚለር (በመድረክ ስሙ ዶክተር ኖው)፣ ቤዚስቱ ዳሪል ጄኒፈር፣ ድምፃዊው ፖል ሃድሰን (ኤች አር) እና ወንድሙ ከበሮ መቺው ኧርል ሃድሰን የሚጫወቱት ጃዝ ፊውዥን ነበር። አርአያዎቻቸው ሪተርን ቱ ፎርኤቨርና ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ናቸው። የእነዚህ ባንዶች ሙዚቃ በአስቸጋሪ ምትና በጣት ፍጥነት የታወቀ ስለሆነ፣ እሱን ለመጫወት የሚሞክር ወጣት የግድ መሣሪያውን ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል። ወደ ፓንክ ያመጣቸው ሲድ ማክሬይ የተባለ ጓደኛቸው ነው፤ የእንግሊዝና የኒውዮርክ የፓንክ ሸክላዎችን አሰምቷቸው ለጥቂት ጊዜም ድምፃዊያቸው ሆኖ ነበር። ስማቸውን ከራሞንስ ዘፈን ወሰዱ። ከናፖሊዮን ሂል መጻሕፍት ደግሞ በጎ አስተሳሰብ ሰውን ከፍ ያደርጋል የሚለውን ትምህርት ያዙ፤ በእንግሊዝኛ ምኅፃረ ቃሉ ፒ ኤም ኤ ይባላል፣ እስከ ዛሬም የባንዱ መፈክር ነው። የዘመኑ ፓንክ ተስፋ መቁረጥን እንደ ክብር በሚቆጥርበት ጊዜ እነዚህ ልጆች ስለ ጽናትና ስለ በጎ ሐሳብ መዝፈናቸው ብቻውን አዲስ ነገር ነበር።

የፓንክ ባንዶች ብዙዎቹ መሣሪያ ይዘው መድረክ የወጡት ሦስት ኮርድ እንደተማሩ ነው። ባድ ብሬይንስ የመጡት ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። መጫወት ከቻሉ በኋላ ቀላሉን ሙዚቃ መረጡ፤ ከዚያም ማንም ሊከተለው በማይችል ፍጥነት አስኬዱት። ሙዚቃው በዚያ ፍጥነት እየከነፈ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወዲያው ደግሞ አንድም ምት ሳይዛነፍ ይነሣል። ብዙ ባንዶች ፍጥነቱን ቀድተዋል፤ ይህንን ማቆምና ማስነሣት የቻሉት ግን ጥቂት ናቸው። ኤች አር ደግሞ በዘፈኑ መጨረሻ ወደ ኋላ ተገልብጦ ከከበሮው የመጨረሻ ምት ጋር እኩል በእግሩ ያርፍ እንደነበር የዘመኑ ተመልካቾች ደጋግመው መስክረዋል።

በ1979 ሰኔ ወር ባንዱ በጆርጅታውን ባዩ በተባለው ክለብ ከእንግሊዙ ባንድ ዘ ዳምድ በፊት መድረክ ላይ ወጣ። ከተመልካቾቹ አንዱ በኋላ ማይነር ትሬትና ፉጋዚ የተባሉትን ባንዶች የመሠረተው ኢያን ማካይ ነው፤ የዲሲ ነጭ ወጣቶች የሃርድኮር እንቅስቃሴ ምን ያህል ለባድ ብሬይንስ ባለዕዳ እንደሆነ በየቃለ መጠይቁ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ዘ ዳምድ ወደ እንግሊዝ እንዲመጡ ጋበዟቸውና በዚያው ዓመት ያላቸውን ሸጠው ለንደን ሄዱ፤ ነገር ግን የሥራ ፈቃድ ስላልነበራቸው ከአውሮፕላን ማረፊያ ወዲያው ተመለሱ። መሣሪያቸውም ተሰረቀ። ባዶ እጃቸውን ዲሲ ሲገቡ መለማመጃ ቦታና መሣሪያ ያካፈላቸው የማካይ የያኔው ባንድ ቲን አይድልስ ነው። ጥቁሮቹ ወጣቶች ለነጮቹ ታዳጊዎች እንዴት እንደሚጫወት አሳዩ፤ ታዳጊዎቹ በፈንታቸው ጊታርና ምድር ቤት ሰጧቸው። የዲሲ ሃርድኮር በሌሎች ከተሞች ያልታየ መደጋገፍ የነበረው ከዚህ ዘመን ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

የሚጫወቱበት ቦታ ግን እየጠበበ ሄደ። የክለብ ባለቤቶች የተመልካቹን ግፊያና ዝላይ ፈርተው በር ዘጉባቸው፤ «ባንድ ኢን ዲሲ» የተባለው ዘፈናቸው የዚህ እገዳ ማስታወሻ ነው። የቀራቸው አማራጭ መደበኛ ያልሆነ መድረክ ነበር። በ1979 በደቡብ ምሥራቅ ዋሽንግተን ቫሊ ግሪን በሚባል የድሆች የመኖሪያ ሕንፃዎች ግቢ ውስጥ በአደባባይ ተጫወቱ፤ ፎቶ አንሺው ሉሺያን ፐርኪንስ በዚያን ጊዜ ያነሣቸው ፎቶግራፎች በኋላ በመጽሐፍ ታትመዋል። ሌላው ቦታ በአዳምስ ሞርጋን፣ በ18ኛው ጎዳና ላይ ማዳምስ ኦርጋን የተባለ የሠዓሊያን ማኅበር ቤት ነው። ይህ ጎዳና ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሬድ ሲን የመሰሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በተከታታይ የተከፈቱበትና የዲሲ ሐበሻ ለብዙ ዓመታት የተሰባሰበበት ሰፈር ነውና።

የባንዱና የኢትዮጵያ ግንኙነት ግን ከሰፈር ጉርብትና የጠለቀ ነው። አራቱ ወጣቶች በአንድ የቦብ ማርሊ ኮንሰርት ላይ ከተገኙ በኋላ ወደ ሬጌ ተሳቡ፤ ቀስ በቀስም ራስ ተፈሪያን ሆኑ። እምነቱ የተነሣው በጃማይካ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት ዘመን ነው። የጃንሆይ የጃማይካ ጉብኝት በ1966 አጠናከረው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች በሻሸመኔ የተሰጠው መሬት ደግሞ የመመለስ ተስፋውን ተጨባጭ አደረገለት። በአሜሪካም ቢሆን መሠረቱ ቀደም ብሎ ተጥሏል፤ ዶክተር መላኩ በያን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በኒውዮርክ ያቋቋሙት በ1937 ነው። ባድ ብሬይንስ ድሬድ አሳድገው፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሰው መድረክ ሲወጡ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። ከአብዮቱ ሸሽተው ዋሽንግተን የደረሱ ኢትዮጵያውያን ኃይለ ሥላሴን የሚያስታውሱት ቤተ መንግሥታቸውን፣ ሚኒስትሮቻቸውንና ረሀቡን ጭምር ነው። በዚያው ከተማና ዙሪያዋ ያደጉት እነዚህ ወጣቶች ደግሞ በስማቸው ይጸልያሉ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጎዳና እየተላለፉ ስለ አንድ ሰው ይህን ያህል የተራራቀ ነገር ማሰባቸው የዋሽንግተንን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ሊታለፍ የማይገባ ጉዳይ ነው።

የባንዱ የመጀመሪያ ቅጂዎች ሲቀረጹ እንደ አልበም አልወጡም። በ1979 በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ኢነር ኢር በተባለው የዶን ዚንታራ ስቱዲዮ የቀረጹት ሥራ ለሕዝብ የደረሰው በ1996 ብላክ ዶትስ ተብሎ ነው። በ1980 ኦሜጋ በተባለ ስቱዲዮ የተቀረጹት ጥቂት ዘፈኖችም በ1997 ታተሙ። በጊዜው የወጣው አንድ ነጠላ ሸክላ ብቻ ነበር፤ በ1980 በራሳቸው ስም ያሳተሙት «ፔይ ቱ ከም»። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ቃላቱን ለመከተል የግጥሙ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ከበሮውና ጊታሩ ግን አንዲት ቅንጣት እንኳ አይደባለቁም። የአሜሪካ ሃርድኮር የት እንደጀመረ የሚከራከሩ ሰዎች ሁሉ ይህንን ሸክላ ሳይጠቅሱ አያልፉም።

ባንዱ ወደ ኒውዮርክ ከተዛወረ በኋላ የመጀመሪያው ሙሉ አልበም ተወለደ። የተቀረጸው በ1981 በማንሃተን አቬኑ ኤ ላይ በነበረው 171-ኤ በተባለ አነስተኛ ስቱዲዮ ነው፤ የወጣው በ1982 የካቲት። አሳታሚው የኒል ኩፐር ሮር ካሴት ብቻ የሚያሳትም ድርጅት ስለነበረ አልበሙ በሸክላ አልወጣም። ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ችግር ይነገራል፤ በእርግጥም የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሚሄድ ከስቱዲዮ ክር ጋር ሲነጻጸር ድምፁ ይጠባል፣ ሽውታም ይጨመርበታል። ይሁን እንጂ ካሴት ርካሽ ነው፣ በኪስ ይያዛል፣ በቤት ይቀዳል። ገንዘብ የሌላቸው ታዳጊዎች አንዱ ከሌላው እየቀዱ ከከተማ ከተማ አደረሱት። ሽፋኑ ቢጫ ስለሆነ «ቢጫው ካሴት» የሚል ስም ወጣለት፤ በላዩ ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ይታያል።

በካሴቱ ውስጥ 15 ሥራዎች አሉ፤ ሁሉም ተደምረው ከ35 ደቂቃ አይበልጡም። ሦስቱ ሬጌ ናቸው፦ «ጃ ኮሊንግ»፣ «ሊቪንግ ባቢሎን» እና «አይ ላቭ አይ ጃ»። አቀማመጣቸው ታስቦበታል። አድማጩ ከአምስት ፈጣን ዘፈኖች በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረው ሬጌው ይመጣል፤ እሱን ሲለምድ ደግሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። ብዙ የአሜሪካ ነጭ ወጣቶች የሬጌን ቤዝና ጃ የሚለውን የፈጣሪ ስም መጀመሪያ የሰሙት ከዚህ ካሴት ነው። የቢስቲ ቦይሱ አዳም ያውክ ከፓንክና ሃርድኮር አልበሞች ሁሉ ይህን ያስበልጥ ነበር፤ ቢስቲ ቦይስ ራሳቸው በሃርድኮር ባንድነት ሲጀምሩ በዚያው 171-ኤ ስቱዲዮ ቀርጸዋል።

ሁለተኛው አልበም ሮክ ፎር ላይት በ1983 ወጣ። ፕሮዲዩሰሩ የዘ ካርስ ድምፃዊ ሪክ ኦኬሴክ ሲሆን የተቀረጸው የዘ ካርስ በሆነው የቦስተን ስቱዲዮ ሲንክሮ ሳውንድ ነው። ከቢጫው ካሴት የተወሰዱ በርከት ያሉ ዘፈኖች በተሻለ መሣሪያ ዳግም ተቀርጸውበታል። በ1991 ካሮላይን ሬከርድስ ይህን አልበም ሲያሳትም ኦኬሴክና ጄኒፈር እንደገና ሚክስ አደረጉት (የየመሣሪያውን ድምፅ እንደ አዲስ አመጣጠኑት)፤ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ተለወጠ፣ ተጨማሪ ዘፈኖች ገቡ፣ ከሁሉም በላይ ክሩ ከመጀመሪያው ፈጥኖ እንዲሄድ ተደረገ። ክር ሲፈጥን ምቱ ብቻ አይፈጥንም፤ ድምፁም ይቀጥናል። በመሆኑም የ1991ዱን ሲዲ ብቻ የሚያውቅ ሰው የኤች አርን ድምፅ ከእውነተኛው ይልቅ ቀጥኖ ነው የሰማው። ሥራው የባንዱ አባል ፈቅዶ የተሳተፈበት ስለሆነ ባዕድ እጅ አበላሸው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ያለ ፍጥነት መጨመሪያ ከማንም የፈጠኑ ሰዎች ያንን ሰው ሠራሽ ጥድፊያ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ የ1983ቱ ሸክላ ለጆሮ የበለጠ ከባድና የበለጠ እውነተኛ ነው።

በ1986 በኤስ ኤስ ቲ ሬከርድስ የታተመው አይ አጌንስት አይ የባንዱን አቅጣጫ ለወጠ። ፕሮዲዩሰሩ ሮን ሴንት ጀርሜን ነበር፤ ቦታውም በማሳቹሴትስ ገጠር ያለው ሎንግቪው ፋርም ስቱዲዮ። በዚህ አልበም ሬጌው ለብቻው ተለይቶ አልቆመም፤ በሃርድኮር፣ በፈንክና በሄቪ ሜታል ውስጥ ሟሟ። የዶክተር ኖው ጊታር ከዚያ በፊት በፓንክ ያልተሰማ ክብደት አገኘ። ኤች አር በማሪዋና ክስ ታስሮ ስለነበር «ሴክሬድ ላቭ» የተባለውን ዘፈን ከሎርተን ወኅኒ ቤት በስልክ ዘፈነው፤ በአልበሙ ላይ ድምፁ ጠብቦና ርቆ የሚሰማው ለዚህ ነው። ሊቪንግ ከለርን ጨምሮ በሚቀጥለው ዐሥር ዓመት ሜታልንና ፈንክን ያጋቡ ብዙ ባንዶች መነሻቸው ይህ አልበም እንደሆነ ተናግረዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመለያየትና የመመለስ ነው። በ1989 የወጣው ክዊክነስ ወደ ትራሽ ሜታል እጅግ የቀረበው ሥራቸው ነው፤ አብዛኛውን ከበሮ የመታው ማኪ ጄይሰን ነበር። በዚሁ አልበም ውስጥ ግብረ ሰዶማውያንን የሚነቅፍ ዘፈን አለ። በ1982ም በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ከቢግ ቦይስ ባንድ ጋር በዚሁ ጉዳይ ተጋጭተው ከብዙ የሃርድኮር ወዳጆቻቸው ተቆራርጠው ነበር። ጄኒፈር በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች ያ የወጣትነት ግትርነት እንደነበረ ተናግሯል። በ1993 በኤፒክ በታተመው ራይዝ ላይ የዘፈነው እስራኤል ጆሴፍ አይ ነው። በ1995 አራቱ ተመልሰው በማዶና ኩባንያ ማቨሪክ ጎድ ኦቭ ላቭን አወጡ፤ ጉዞው ግን በጠብ ተቋረጠ። ለጥቂት ዓመታት ሶል ብሬይንስ በሚል ስም ተጫወቱ። በ2007 ያውክ ፕሮዲዩስ ያደረገው ቢልድ ኤ ኔሽን፣ በ2012 ደግሞ ኢንቱ ዘ ፊውቸር ወጡ። በ2016 ለሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ታጩ፤ አልተመረጡም።

አሳታሚዎቹን በተራ ለሚቆጥር ሰው መበታተኑ ግልጽ ነው፦ ሮር፣ ፒ ቪ ሲ፣ ኤስ ኤስ ቲ፣ ካሮላይን፣ ኤፒክ፣ ማቨሪክ፣ ቪክትሪ። እያንዳንዱ የያዘውን በፈቀደው ጊዜና ስም አሳተመ። የቢጫው ካሴት ቅጂ በ1989 አቲትዩድ የሚል ሌላ ስም ተሰጥቶት በሌላ አሳታሚ ወጣ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ በመጀመሪያ ስሙ፣ ባድ ብሬይንስ ተብሎ፣ በሲዲ ተመለሰ። አንድ ሥራ ሁለት ስም፣ አንድ ስም ሁለት ፍጥነት ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለ ዕጣ የገጠመው ባድ ብሬይንስ ብቻ አይደለም፤ ዋሽንግተን ሌላም ታሪክ አላት። በአዲስ አበባ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ማሳተም የጀመረው አምሃ እሸቴ ከአብዮቱ በኋላ የተሰደደው ወደዚህች ከተማ ነው፤ ያሳተማቸው ሥራዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ኅትመት ዓለም ዳር ደርሰዋል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት ሀይሉ መርጊያም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዋሽንግተን ቀርቶ በ1985 ብቻውን የቀረጸው ካሴት፣ አርቲስቱ ታክሲ እየነዳ በሚኖርበት ጊዜ፣ በ2013 ዳግም ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው። ባድ ብሬይንስና መርጊያ በአንድ ዘመን በካሴት ሠርተው ነበር፤ ሥራቸውም ከብዙ ዓመታት በኋላ በሸክላ ተመልሶ አዲስ ትውልድ አገኘ።

ዳግም ኅትመት ሲባል የድሮውን ቅጂ አባዝቶ መሸጥ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ማስተሩ መገኘት አለበት። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ የስቱዲዮ ክሮች ማጣበቂያቸው እርጥበት ስለሚስብ በዕድሜ ይጣበቃሉ፤ እንዲህ ያለውን ክር ከማጫወት በፊት 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ባለ ሙቀት ለሰዓታት ማድረቅ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ሚክሱን ሳይነኩ የድምፁን ሚዛንና ኃይል ማስተካከል ይመጣል፤ ሪማስተር የሚባለው ይህ ነው። ሪሚክስ ግን እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻው ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ የሥራውን ፊት ይለውጣል። ለሸክላ ሲሆን ሌላ ሕግ አለ፦ ቤዙ ሲበዛና ድምፁ ሲጎላ የሸክላው መስመር ይሰፋል፤ መስመሩ ሲሰፋ በአንድ ገጽ የሚገባው ደቂቃ ይቀንሳል። የቢጫው ካሴት ሥራዎች ለሁለት ሲከፈሉ በገጽ 17 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚደርሱ ለሸክላ የተሠሩ ያህል ተስማሚ ናቸው።

በ2021 ባንዱ ባድ ብሬይንስ ሬከርድስ በሚለው የራሱ ስም፣ ከካሊፎርኒያው ኦርግ ሚዩዚክ ጋር በመሆን ሥራዎቹን በተከታታይ እንደገና ማሳተም ጀመረ። አባላቱ የብዙዎቹን ቅጂዎች ባለቤትነት አስመልሰው ነበር። «ፔይ ቱ ከም» በነጠላ ሸክላ ተመለሰ፤ ቢጫው ካሴት በሸክላ፣ በሲዲና እንደ ልደቱ በካሴት ታተመ፤ ሮክ ፎር ላይትና በ1987 በአምስተርዳም ፓራዲሶ አዳራሽ በቀጥታ የተቀረጸው ዘ ዩዝ አር ጌቲንግ ሬስትለስ ተከተሉ። ከመደበኛው ሽፋን ሌላ ፓንክ ኖት የተባለ የተወሰነ ኅትመት ተዘጋጀ፤ ሽፋኑ የብሉ ኖትን የ1950ዎቹና የ1960ዎቹን የጃዝ አልበሞች አሠራር የተከተለ ነው። ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያው ድምፃዊ ሲድ ማክሬይ በሕይወት አልነበረም፤ በ2020 አርፏል። ዶክተር ኖው በ2015 ልቡ ቆሞ ከሞት የተረፈ ሰው ነው፤ ኤች አርም በ2017 ለዓመታት ላሠቃየው የራስ ሕመም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።

ዛሬ አልበሞቹን ለመሰብሰብ የሚፈልግ አድማጭ ሦስት ነገር መለየት ይኖርበታል። የ1982ቱ የሮር ካሴት ለታሪክ ሲባል ይያዛል፤ ለማድመጥ ግን ሪማስተር የተደረገው ሸክላ ይበልጣል፤ የቤዙ መስመር በካሴቱ ላይ ከተደበቀበት ወጥቶበታልና። ሮክ ፎር ላይትን ሲገዛ የ1983ቱን ሚክስ ከ1991ዱ መለየት አለበት፤ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ልዩነቱን ያሳብቃል። ብላክ ዶትስ ደግሞ ዘግይቶ ቢታተምም በዕድሜ ከሁሉም ይቀድማል፤ ስለዚህ የባንዱን ጉዞ ከመነሻው ለመከተል የሚሻ ሰው በ1996 ከወጣው ከዚህ አልበም ይጀምር፣ ከዚያ ወደ ነጠላው ሸክላ፣ ከዚያም ወደ ቢጫው ካሴት ይለፍ።